ወደኋላ የቀሩት እንሽላሊቶች

ጥቅምት 4
መጀመሪያ ነገሩን በቅጡ ላስቀምጥ። ልጄ ጭራቸው የተቆረጠ ስድስት እንሽላሊቶች ወደ ጠፈር ልካለች። እንደነሱው የተቆረጡ ሌሎች ስድስት እዚህ ላቦራቶሪ ቀርተዋል፤ ተንከባካቢያቸው እኔ ነኝ። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ክብደት በሌለበት የተቆረጠ አካል ቶሎ ያድጋል ወይስ ይዘገያል? ለማወዳደር ምግቡም ሙቀቱም የግድ እኩል መሆን አለበት። ለዚህ ነው እኔን የመረጠችኝ። ካንተ በላይ ጥንቁቅ ሰው አላውቅም አለች። ደስ አለኝ... ጡረተኛ በዚህም ይደሰታል።

ጥቅምት 11
ለእንሽላሊቶቹ ትል መዝኜ ሰጠሁ፤ ጭራቸውንም ለክቼ መዘገብኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቅ አለች።
"ጋሼ፣ ዛሬስ ማን ረበሸ?"
ባለ ነጥቡ ነው አልኳት፤ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሳቀች።

ጥቅምት 19
ከላይ ፎቶ መጣ። የነሱ ጭራ ከኛዎቹ በግልጽ ይበልጣል። ልጄ በስልክ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር፤ ገና ነው፣ እንጠብቅ ትላለች። እኔን ግን ከፋኝ። ለምን? ባለ ነጥቡማ ገና ጉጥ ብቻ ነው። ስንት ዘመን ሳስተምር ደካማ ተማሪ ጥዬ ሄጄ አላውቅም፤ ከክፍል በኋላ አስቀርቼ አስጠናዋለሁ።

ጥቅምት 20
ለእያንዳንዳቸው አንድ ትል ጨመርኩ። አንድ ብቻ።

ኅዳር 2
ጭማሪው አሁን ሦስት ትል ሆኗል። የሚሞቁበትንም መብራት ጠጋ አደረግሁላቸው። ባለ ነጥቡ ጭራ አወጣ... ደረስንባቸው።

ኅዳር 12
ከጠፈር ተመለሱ። ተለኩ። ከኛዎቹ ጋር እኩል።
ልጄ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ለዚህ በረራ ስንት ዓመት ደጅ ጠናች! ሁለተኛ አይሰጧትም። ጭራሽ እኔን ታጽናናለች።
"አንተ ምን ታደርግ አባዬ። የአንተ ሥራ እንከን የለውም።"
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ኅዳር 13
ደወልኩ። "አቤት አባዬ" ስትለኝ በልተሻል ወይ ብዬ ዘጋሁ። ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ ምን ነበር የምለው? ፊቴን በመስታወት ማየት አስጠላኝ።

ኅዳር 14
ነገ የተመራማሪዎች ጉባኤ ፊት ቆማ ክብደት ማጣት ለውጥ አያመጣም ልትል ነው። በእኔ የተነሳ። መልእክት ላክሁላት፤ ቃሉ ይኸው፦
"ልጄ፣ መድረክ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ይህን አንብቢ። እኩል የሆኑት በእኔ ነው። ከጥቅምት 20 ጀምሮ እዚህ ለቀሩት ትል ጨምሬያለሁ፣ መብራትም አስጠግቻለሁ። እንዲበለጡ አልፈለግሁም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እስከ ጥቅምት 19 ያለው ልኬት ንጹሕ ነው፣ እሱን ያዢ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጣይው። ለጉባኤው ስሜን ጠርተሽ ንገሪያቸው። ተቆጥተሽም ቢሆን ዛሬውኑ መልሺልኝ።"