ሞጣ ላይ የተናገርኩት

ኅዳር 12፣ ቅ/ሚካኤል። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ቆሻሻውን ጠርጌ አጥሩ ሥር አቃጠልኩት። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው። ቢቸና ዛሬ በጭስ ታፍናለች። የልጅ ልጄን ብሌንን አሳላት። ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁት። ልጅ በጭስ ሲስል መስማት አልወድም።

ደብተሬ፣ የፍ/ቤቱ መጥሪያ ትራሴ ሥር ነው። አራቴ አነበብኩት። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ለማንበብ ኖሯል! ይበልጣል ልጄን ልውሰድ ይላል። የልጄ የየኔነሽ ባል የነበረው። የኔነሽ ቤይሩት ስትሄድ ብሌን ሦስት ዓመቷ ነበር። እሱ እኔ ላይ ጥሏት ሞጣ ገባ፣ ባጃጅ ያዘ፣ ሚስት አገባ። አምስት ዓመት ዞር ብሎ አላያትም። አሁን አባትነቱ ትዝ አለው። ቀጠሮው ታኅሣሥ 10።

ጠዋት ሰላም መጥታ ነበር፤ ከጽ/ቤት፣ የሕፃናት ጉዳይ የያዘችው ልጅ። ሞጣ ላይ ለእናቶች ስለ ልጅ አስተዳደግ እንድናገር ነው። ሞዴል አያት ተብለዋል እማማ ፈንታ፣ አለችኝ። ሳቄ መጣ። እምቢ ልል ስል ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ጋሽ ሞላ ተቆጣኝ። ሂጂ፣ ከጽ/ቤቱ ጥሩ አሳዳጊ ናት የሚል ደብዳቤ ቢሰጡሽ ዳኛው ፊት ክብደት አለው አለ።

እሄዳለሁ። ለደብዳቤው ስል ነው። ላንቺ አልዋሽም።

ኅዳር 18፣ ሞጣ። 9 ሰዓት።

መናኸሪያ። መኪናው እስኪሞላ እጽፋለሁ። 

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መቶ ሴት ይሆናል። ነጠላ ያጣፋችው፣ ሒጃብ ያደረገችው፣ ጡት የምታጠባው። ሰላም የጻፈችልኝን ወረቀት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ልጅ በፍቅር ያድጋል ምናምን። መሀል ላይ ተደናቀፍኩ። ሳቁ፣ በክፋት አይደለም። ምነው በዚያው ባለቀ። ጥያቄ ተፈቀደ። አንዲት የምታጠባ ወጣት ተነሣች። «እማማ፣ እርስዎስ ልጅዎን ቀጥተው አያውቁም? እውነቱን ይንገሩን!»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ለዚህ መልስ አልተጻፈበትም።

ነገርኳቸው። የኔነሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለፋሲካ ግድግዳዬን ለቅልቄ ጨርሻለሁ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በከሰል ጽፋበታለች። በርበሬ ፍም ላይ በተንኩ። አንገቷን ይዤ በጋቢ ሸፈንኳት። ጋቢውን የገፈፈው የጎረቤት ሰው ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ምን እንደ ጻፈች ዛሬም አላውቅም፤ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። በማግሥቱ ዓይኗ እንዳበጠ ግድግዳውን ራሷን አስለቀለቅኳት። እናንተ አታድርጉት አልኩ።

 ጠያቂዋ ታለቅሳለች። ፊት ወንበር ላይ የነበረችው ባለ ቀይ ሻሽ አላለቀሰችም። ስልኳን ቀና አድርጋ ይዛለች። ስወርድ ለየኋት። የይበልጣል እኅት።

መኪናው ሞላ።

ኅዳር 21፣ ማርያም። ጠዋት።

ቪዲዮው እዚህም ደርሷል። የጎረቤቴ ልጅ ለእኔም ለብሌንም አሳየችን። በርበሬው አለ፣ ጋቢው አለ። አታድርጉት ያልኩት የለም፤ ተቆርጧል። ደብረ ወርቅ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንኳ ደውላ ምን ነካሽ አለችኝ።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ተራ ስጠብቅ አንዷ ከኋላዬ፣ «እትዬ ፈንታ፣ ዛሬ ጤፍ ነው በርበሬ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ከነዚያ ውስጥ ልጅ ያላጠነች ካለች ትምጣና ትንገረኝ። የሷን ልጅ ጩኸት እኔ በአጥር ሰምቻለሁ። ጥፋቴ ማጠኔ አይደለም ለነሱ። ማውራቴ ነው።

ለነፍስ አባቴ ነግሬ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜ፣ ተዘጋ ብዬ ነበር እኮ።

ኅዳር 27።

ሰላም መጣች። ዓይኔን አታይም። አለቃዋ ቪዲዮውን አይታ ደብዳቤው ይቆይ ብላለች። ይቅርታ እማማ አለች። ምን ላድርጋት፣ ልጅ ናት።

ጋሽ ሞላ ለፍ/ቤቱ የሚሰጠውን መልስ ጽፎ ጠበቀኝ። በንግግሩ የተጠቀሰችው ሌላ ሴት ናት ይላል። ጎረቤቴን ነው ያልኩት በይ፣ የት አባቱ ያረጋግጣል፣ ልጅቱ ያለችው ቤይሩት፣ አንቺ ፈርሚ ብቻ አለኝ። እንዳነበው ስጠኝ ስለው ተገረመ። ደንበኞቹ አያነቡም። ወረቀቱን ቤት ወሰድኩት። አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም።

እንቅልፍ የለኝም። እህል አይወርድልኝም። ብሌን ከት/ቤት አምስት ደቂቃ ከዘገየች እስከ መንገዱ እሮጣለሁ፤ የባጃጅ ድምፅ ስሰማ እሱ የመጣ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 3፣ በዓታ። 10 ሰዓት።

ብሌንን አስጠናኋት። ዳኛው ሲጠይቁሽ እማማ ቁጣ አታውቅም በይ አልኳት።

«ትቆጫለሽ እኮ። ዘይቱን ስደፋው አፍሽን እንዲህ አደረግሽ።» አሳየችኝ። እኔን ቁጭ!

በይ ብያለሁ በይ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በሦስተኛው ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ አነበነበችው፤ እኔ የሰላምን ወረቀት እንዳነበብኩት። ከዚያ፣

«እማማ፣ ስልክ ላይ ያየነው... ያጠንሻት እናቴን ነው?»

ሌላ ልጅ ናት አልኳት።

እሺ ብላ ሄዳ መጫወት ጀመረች። ደብተሬ፣ አመነችኝ። ቢያንስ ብትጠራጠረኝ ምን ነበረበት!

ታኅሣሥ 8።

የኔነሽ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። ይበልጣል ቪዲዮውን ልኮላት መስክሪልኝ ብሏታል። አልመሰክርለትም፣ ብሌን እዚያው ትቆይ አለች። እልል ልል ነበር። ከዚያ ውኃ ሲፈስ ይሰማል፣ ሥራ ላይ ነች።

«እማ፣ ለመቶ ሰው ነገርሽው አይደል? ለእኔስ?»

በዚያው ተዘጋ።

በየሳምንቱ እናወራለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ብሌን ጥርስ። ይህን አንድ ቀን አላነሣሁም። የረሳችው መስሎኝ ነበር። የለም፣ እንድትረሳው ፈልጌ ነበር።

ለጋሽ ሞላ ነገርኩት። ደስ አለው! እሷ ካልመሰከረች ምን ማስረጃ አለው፣ በቃ አሸነፍሽ፣ ፈርሚ። ዕድሜ ልኬን ስሸነፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ጊዜ ባሸንፍ ምን አለ? ብዕሩን አነሣሁ ደግሞ። «ሌላ ሴት ናት» የሚለው ላይ ስደርስ የኔነሽን ሁለተኛ በጋቢ የምሸፍናት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 10። ጠዋት 3 ሰዓት።

የፍ/ቤቱ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ።

ጎህ ሲቀድ ለየኔነሽ በድምፅ ላኩላት። አራት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። በመጨረሻ አጠንኩሽ፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኩ። ሌላ ሰበብ አልጨመርኩም። ግድግዳው ላይ ምን ነበር የጻፍሽው ብዬም ጠየቅኳት። እስካሁን መልስ የለም።

ከዚያ ብሌንን ሹሩባ እየሠራኋት፣ ያቺ ልጅ እናትሽ ናት አልኳት። ጭንቅላቷ ከእጄ ላይ ደረቅ አለ።

«አቃጠላት?»

አዎ።

«እኔንስ?»

አንቺን አላደርግም አልኳት። ዞር ብላ ፊቴን አየች፣ ብዙ አየች። ከዚያ ቀሪውን እንድሠራላት ጭንቅላቷን መለሰችልኝ። ዳኛው ከጠየቁሽ የምታውቂውን ንገሪያቸው፣ ዘይቱንም ጭምር አልኳት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ይበልጣል ከእኅቱ ጋር ትይዩ ነው። እንደምን አደሩ እማማ አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከስቷል። ብሌንን ሰርቆ ያያታል። እሷም ታየዋለች። ዛሬ ይዟት ሊሄድ ይችላል። 

ጋሽ ሞላ ተናዶ ሄደ። የእሱን ወረቀት ሳልፈርም መለስኩለት። የራሴን ትናንት ስጽፍ ዋልኩ። ፊደሉ ያስጠላል፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ ግን ይነበባል። ሞጣ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ ብሎ ይጀምራል። ያጠንኳት ልጄን ነው። ቪዲዮው ተቆርጧል፣ ሙሉውን ይስሙኝ።

ስልኬ ከመቀነቴ ውስጥ ነዘረ። የኔነሽ ትሆናለች። ላወጣው ስል ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ስማችንን ጠራ፣ መጀመሪያ የሱን፣ ቀጥሎ የኔን። ብሌን እጄን ያዘች። ወረቀቴን ይዤ ልገባ ነው።