ሙዚቃው ሲቋረጥ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ ኦርቪል፤ ከነባለቤትህ፣ ከነላሞችህ፣ ከኔብራስካ ብርድ ጋር እንዴት ሰነበትክ? እኔና እህታችን ኮራሊ በሆሊውድ ፀሐይ እየሞቅን ደህና ነን።

አዲሱ ፊልሟ ሊያልቅ ነው። እንደምታውቀው ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረፅና ጭፈራው በካሜራ ሲነሳ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ዘንድሮ ኮራሊ “ጨምሩት፣ ጨምሩት” ስላበዛች ጨፋሪዎቹ ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው ነው የሚሠሩት። መብራት የሚያበራው ዱሊ፣ “እመቤቴ፣ ሜክሲኮን እኮ አስጨፈርሻት” ይላታል። እሷም አፍ አፉን እያየች ትስቃለች።

ማክሰኞ ማጉያው ተቃጠለና ጭፈራው መሀል ላይ ሙዚቃው ጸጥ አለ። ሁሉም ቆመ። ዳይሬክተሩም “በቃ፣ አቁሙ” ብሎ ጮኸ። ኮራሊ ግን ጀርባዋን እንደሰጠችን፣ እየተሽከረከረች ደረጃውን ወጥታ፣ አንድ እርምጃ ሳታዛንፍ ጭፈራውን ጨረሰችው። ዞር ስትል ሰው ሁሉ ፈዞ ያያታል።

“ለዚች ሴት ሙዚቃ ምን ያደርግላታል?” አለ ዱሊ።

እኔ እጆቼን ከራሴ በላይ አንስቼ አጨበጨብኩ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ። ያን ጊዜ ፈገግ ብላ እጅ ነሳች። እስካሁን ስለ ብርታቷ ነው የሚወራው።

አርብ የሦስት ዓመት ውል ትፈርማለች። የስቱዲዮው ኃላፊ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ስለሚያወራ እኔም አብሬያት እገባለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለገና ስትመጣ በሩን በማንኳኳት አትድከም። በአትክልቱ በኩል ዞረህ በመስኮቱ ፊት ለፊት እጅህን አውለብልብላት፤ ስታይህ ሮጣ ትከፍትልሃለች።

እህትህ ሄስተር