ወደ በረንዳው የዞረው ወንበር

እሑድ

«መጽሐፉ ንጹሕ ነው» አለችኝ የልጄ የስንዱ አስተማሪ። አመሰገንኳት። ሙገሳ አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ፣ ወደ ባርኔአ ሠፈር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ለሥራ ስሄድ ነው።

ንጹሕ ማለቷ ያልተከፈተ ማለቷ ነው። ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ለልጆቹ አንድ አንድ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ማታ ከወላጅ ጋር እንዲያነቡት። የሌሎቹ ልጆች መጽሐፍ ጥጉ ታጥፎ፣ ሾርባ ነጥቦበት ይመለሳል። የስንዱ እንደ ሄደ ይመለሳል። እኛ ቤት መጽሐፍ ሲመጣ አባባ፣ የባለቤቴ አባት፣ እጃቸውን ታጥበው ይቀበሉታል። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ ያስቀምጡታል። በሳምንቱ ያወርዱታል። የዚህ ሳምንቱ ኮፍያውን ነፋስ ስለወሰደበት አህያ ነው። ለአባባ ልዩነት የለውም። መጽሐፍ መጽሐፍ ነው። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር። እንዲያውም ኮርቼ ነበር።

ስንዱ ኪታ አሌፍ ናት፣ አንደኛ ክፍል። አንብቢ ሲሏት መሬት መሬት ታያለች። በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ አስተማሪዋና የትምህርት ቤቱ አማካሪ እኔ ባለሁበት ያስነብቧታል። ካላነበበች ክፍሉን ትደግማለች። ጓደኞቿ ሲያልፉ እሷ ትቀራለች።

የማስታምማትን አሮጊት ሳጥብ ሹራቤን ማውለቅ ረሳሁ። «በረደሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በዚህ ሙቀት።

ሰኞ

ለባለቤቴ ለታከለ ነገርኩት። ከፋብሪካ ደክሞት ነው የገባው። «አንቺ ተምረሽ የለ? አስተምሪያት» አለኝ።

የተማርኩት በአማርኛ ነው። የዕብራይስጡን ፊደል ለይቻለሁ፤ ቃል ላድርገው ስል ግን ይበተንብኛል። ይኸን ስጽፍ እጄ ይሮጣል። የልጄን መጽሐፍ ስከፍት በጣቴ እየተከተልኩ እቆማለሁ።

ደረጃው ላይ እትዬ ባዩሽን አገኘኋቸው፤ ከላይኛው ፎቅ ናቸው። ከኛ ብዙ ዓመት ቀድመው በሱዳን በኩል ከመጡት ስለሆኑ ልጆቻቸውን እዚሁ አስተምረዋል። ፊቴን አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው አናደደኝ።

«የኔ የመጀመሪያው በዕብራይስጥ ሲሰድበኝ አሜን ስል ነው የኖርኩት» አሉ። «ነገ ሚቅላት ነይ። ልጅቷን ይዘሽ። መጽሐፉንም።»

ሚቅላት ከሕንፃችን ሥር ያለው መጠለያ ነው። ለጦርነት የተሠራ። ከመጣን ወዲህ ገብቼበት አላውቅም።

ማክሰኞ

እርጥበት ይሸታል። የላስቲክ ወንበሮች፣ መስኮት የለም። የሠፈሩ እናቶች አሉ፣ አንድ አባትም አለ። ልጆቹ እግራችን ሥር።

«መጽሐፋችሁን አውጡ» አሉ እትዬ ባዩሽ። ሁላችንም መፍታት ጀመርን። አንዷ ከነጠላ። አንዷ ከፌስታል ውስጥ፣ እሱም ከሌላ ፌስታል ውስጥ። አባትየው ባዶ እጁን ነው። «ሻንጣ ውስጥ ቆልፌበት ቁልፉ ጠፋኝ» አለ። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ዛሬ ሌላ ምንም ባላገኝ ይኸ ይበቃኛል።

እትዬ ባዩሽ ያስተማሩን እንዲህ ነው። ሥዕሉን አብሮ ማየት። ምን ሆነ፣ ማን ሄደ እያሉ በአማርኛ መጠየቅ። ከዚያ ልጁ በዕብራይስጥ ያነባል፣ ወላጅ ይሰማል።

«ስትሳሳት በምን አውቃለሁ?» አልኩ።

«ስሕተቷን አታውቂ ይሆናል። ስትቆም ግን ታውቂያለሽ። ስትቆም ዝም ብለሽ ጠብቂያት። እንቢ ካላት ወደኔ ልጆች ላኪያት፤ እነሱ ምን ሥራ አላቸው?»

ከወደ ኋላ አንዷ እናት ተነሣች። «ልጄ ፊቴ ተገትራ ድምጿን ልታሰማኝ? እኛ አገር እንዲህ ያለችዋን ቆንጥጠን ነው የምናስወጣት!»

እትዬ ባዩሽ ወንበሮቹን መደራረብ ጀመሩ። ስንዱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተመለስን።

ረቡዕ

መጽሐፉን አወረድኩ።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አሉ አባባ።

«ታጥቤያለሁ።»

«የት ልትወስጂው?»

«ስንዱ ልታነብ ነው፣ አባባ።»

«ማን ፊት?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ልጅቷን ተመለከቷት። አንገቷን ደፋች። አንብቢ አልኳት። «ኢማ፣ ዳይ» አለችኝ በሹክሹክታ። እማ፣ ይብቃ።

ትልቅ ሰው ፊት ዐይንሽን ስበሪ፣ ድምፅሽን አታሰሚ ያልኳት እኔው ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት። ያስተማርኳትን አንዱንም አልጣለችም።

ሐሙስ

ልብስ ላሰጣ ስል ድምፅ ሰማሁ። ከመታጠቢያ ቤት ነው፤ በሩ ተዘግቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ ነጩ ጨርቅ ባዶውን ነው፤ ስንዱ ለአሻንጉሊቷ ታነባለች። ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ አስተካክላ ትቀጥላለች። ቃሎቹን ሁሉ አልያዝኳቸውም። ወሬ ሳይሆን ንባብ መሆኑን ግን በዜማው አወቅሁ። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ቆምኩ።

ታነባለች። ልጄ ታነባለች!

ስለዚህ የጎደላት ፊደል አይደለም። የሚያስራት ፊት ነው። የአስተማሪዋ ፊት፣ የአባባ፣ የኔ።

በሩን አልከፈትኩም። ቀሚሴ ረጥቧል።

ዓርብ

የምፈራው፦ አባባ እንዳይቀየሙኝ። ታከለ አባቴን አስቀየምሽ እንዳይለኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልጅቷ ዛሬ ድምፅ አውጪ ብያት ነገ እንዳትደፍረኝ። አፍሪዳር ሠፈር ገበያው አጠገብ ልጆች እናታቸው ላይ ሲጮኹ አይቻለሁ። ንባቡን እፈልገዋለሁ፣ ጩኸቱን አልፈልገውም። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መውሰድ ይቻላል?

ቢሆንም ለአባባ ነገርኳቸው። እንደሚያማቸው እያወቅሁ ነው ያልኩት።

«መጽሐፉን ሽንት ቤቱ ጎን ተደብቃ ነው የምታነበው።»

«መጽሐፍ? እዚያ?» አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እኛን አክብራ ነው፣ አባባ። እኛ ፊት አትናገርም።»

ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ሰንበት እየገባ ነው፤ እዚህ ላይ ማቆም አለብኝ።

እሑድ

ትናንት ቅዳሜ ሰንበት ነበር፤ በሰንበት አይጻፍም። እየጓጓሁ አድሬ አሁን እጽፋለሁ።

ትናንት ከምሳ በኋላ አባባ ተነሡ። መጽሐፉን ራሳቸው አወረዱ፣ ጨርቁን ፈቱ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ለስንዱ ሰጧት። ከዚያ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ በረንዳው አዞሩና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ።

«እኔ መንገድ እያየሁ ነው» አሉ። «ፊቴ እዚህ የለም። በይ አንብቢ።»

ለኔም በእጃቸው አመለከቱኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ታከለም ከሶፋው ሳይነሣ ዐይኑን ጨፈነ።

ታች ልጆች ኳስ ይመታሉ። እንዳልዞር ራሴን ያዝኩ።

ከዚያ ድምጿ መጣ። ቀጭን። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። አፌ ሊከፈት ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ጠበቅናት። ተሻገረችው።

ስትጨርስ አባባ ሳይዞሩ «ያ አህያ ኮፍያውን አገኘው ወይ?» አሉ።

«አገኘው፣ አባባ» አለች። በአማርኛ! ለሳቸው በአማርኛ ከመለሰች ስንት ጊዜዋ ነበር።

ሰኞ

ለእትዬ ባዩሽ ነገርኳቸው። ሳይውል ሳያድር ሁላችንንም ሚቅላት ሰበሰቡን። ወንበራችንን ወደ ግድግዳው አዞርን፤ ልጆቹ ከኋላችን ተቀመጡ።

«ይኸ ትምህርት ነው ቅጣት?» አለ አባትየው። ሻንጣውን ሰብሮ መጽሐፉን አምጥቷል።

ሲያነቡ ከኋላችን እንደ ንብ ይጮኹ ጀመር። ቆንጥጠን ነው የምናስወጣት ያለችው እናት ከሁላችን ቀድማ አለቀሰች። ግድግዳው ብቻ አያት።

ግን ነገ? ትምህርት ቤት ውስጥ ለስንዱ ፊቱን የሚያዞርላት ማነው?

ማክሰኞ

አስተማሪዋ ክፉ አይደለችም። ጎንበስ አለች፣ ፊቷን ወደ ስንዱ ፊት አቀረበች፣ ፈገግ አለች። በቀረበች ቁጥር ልጄ አንገቷን ደፋች። አማካሪዋ ብዕሯን አነሣች።

አውቶቡስ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን ዕብራይስጥ አወጣሁት። ተሰባብሮ ወጣ። «እባካችሁ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። እኔም አዞራለሁ።»

ተያዩ። «ላማ?» አለች አማካሪዋ። ለምን?

«ስለምታከብራችሁ ነው።»

መጀመሪያ የዞረችው አስተማሪዋ ናት። ወንበሩ ተንቋቋ። ሦስታችንም ግቢውን፣ ዛፉን፣ የታሰረውን ብስክሌት እያየን ተቀመጥን።

ስንዱ ጀመረች። የማታውቀው መጽሐፍ ነው። መካከል ላይ ቆመች። አስተማሪዋ ልትነግራት ትንፋሽ ስትስብ ሰማሁ። ሳልዞር እጄን አነሣሁ። ያንን እጅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አስተማሪዋ ትንፋሿን ያዘች።

ልጄ ቀጠለች። እስከ መጨረሻው።

«እንነጋገርበትና እንጠራሻለን» አለችኝ አማካሪዋ። ታልፋለች አላለችም። አታልፍም አላለችም። አስተማሪዋ ግን በሩ ድረስ ሸኝታን ለስንዱ አዲስ መጽሐፍ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ ቸኮሌት የነካ የሌላ ልጅ ጣት አሻራ አለ። «ልጥረገው?» አለችኝ ስንዱ መንገድ ላይ። ተይው አልኳት።

ቤት ገባን። ነጩ ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ለአዲሱ መጽሐፍ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አባባን አልጠየቅኋቸውም። ወንበራቸው ግን ከወዲሁ ወደ በረንዳው ዞሯል።