ቀንሷል የተባለው የልጄ ምርታማነት

ጥቅምት 4
አንሶላ እያጠብኩ ነበር። የልጄ የሥራ ባልደረቦች ሦስት ሆነው መጡ። "ግቡ እንጂ" አልኳቸው። አልገቡም... ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ መኪና ገጭቷታል። አልተረፈችም።

ጥቅምት 19
ቦርሳዋን ዛሬ ከፈትኩት። ማበጠሪያ፣ ክር፣ የታጠፈ ወረቀት። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ነው። "ምርታማነትሽ በመቀነሱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል" ይላል።
አልነገረችኝም። ምርታማ ሲባል የማውቀው መሬት ነው። ሰው እንዴት ነው የሚቀንሰው? ሰንፋ ነበር ማለት ነው? የኔ ልጅ?

ጥቅምት 20
ታናሽ ወንድሜን ጠየቅሁት። አስተማሪ ነው።
"እትዬ፣ በወሰደብሽ ጊዜና ድካም ስንት ሥራ ወጣ ነው ነገሩ።"
"አንተን ለማሳደግ ደክሜ ምን ወጣ?"
"እኔንስ ተይኝ፤ ከስረሻል።"
ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው... ወዲያው አፈርኩ።

ጥቅምት 24
ፋብሪካው ሄድኩ። አለቃዋ ደህና ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አሳየኝ። እያንዳንዷ በሰዓት የሰፋችው ኮሌታ ይጻፍበታል።
"ስልሳ ትሰፋ ነበር፣ እማማ። ኋላ አርባ ሆነ።"
"ታወራ ነበር?"
"ኧረ ቀና እንኳ አትልም። ለኔም አልገባኝም።"
ቀና ካላለች፣ ሃያው የት ሄደ? መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ።

ጥቅምት 27
ከልጄ ጎን ትሰፋ የነበረችው ሴት መጣች። አራስነቷን ጨርሳ የተመለሰች፣ ሕፃን ያዘለች።
"እማማ፣ ሃያው እኔ ጋ ነው" አለችኝ።
ከወሊድ በኋላ እጇ እያበጠ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ልጄ የሰፋችውን እያነሳች ከእሷ ኮሌታ ጋር ታስርላት ኖሯል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው በየሰፊዋ ጥቅል ታስሮ የተገኘው ብቻ ነው።
"ተይ ስላት፣ 'ዝም በይ፣ አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ' ትለኝ ነበር።"
"እጅሽስ አሁን?"
"ገና ነው..."
ሕፃኑን ተቀበልኳት። ከበደኝ። ወተት ወተት ይሸታል።

ጥቅምት 28
ወንድሜ "ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ስሟን ያድሱ" አለኝ። ብነግር ያቺ እናት ከሥራዋ ትወጣለች። አልናገርም። ሰሌዳው አርባ ይበል።
ቃሉ ግን አሁን ገባኝ። ሥራው ሳይቀንስ፣ የሠራው ሰው ሰሌዳው ላይ ሊቀንስ ይችላል።
ሰነፍ አልነበረችም። እዚህ ብቻ ጻፍኩት። ከኔ በኋላ ይህን ደብተር ያገኛችሁ፣ እባካችሁ ለልጄ ነፍስ አንዲት ጸሎት አድርሱልኝ። እጇ በጣም ፈጣን ነበር።