ያለሰለስኩት መስመር

ውድ ወንጭፌ፣

ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝና በእሱ ልጥራሽ፤ ከእንግዲህ አትጥራኝ ብትይኝ ግን አይከፋኝም። እንዴት ነሽ ብዬም አልጠይቅሽ። ሁለቱ ጣቶችሽ እስካሁን አልታጠፍ እንዳሉ እማዬ ነግራኛለች።

ያንን ማክሰኞ ታስታውሺዋለሽ። ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አራት ቀን ሲቀርሽ የስፖርተኞችን እንቅስቃሴ በካሜራ ወደምንመረምርበት ቤተ ሙከራችን መጣሽ። ብርሃን የሚመልሱትን ትንንሽ ኳሶች ከትከሻሽ እስከ እጅሽ አንጓ ለጠፍኩብሽ። «አሁንስ የመኪና መብራት መሰልኩ» ብለሽ አሳቅሽኝ። በሰከንድ አምስት መቶ ምስል የሚያነሱ አሥር ካሜራዎች ከበውሽ፣ ክንድሽን ሙሉ ዙር አሽከርክረሽ የሶፍትቦል ኳሱን ከዳሌሽ አጠገብ ትለቂው ነበር። ሠላሳኛውን ወርውረሽ ከክርንሽ በታች ያለውን እያሻሸሽ ቆምሽ።

«ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይለኛል። ካሜራህ ምን ይላል?»

«እናየዋለን» አልኩሽ።

ያየሁትን ልንገርሽ። ኳሱን ልትለቂ ስትይ ኮምፒውተሩ ላይ ነጥብ ሆነው የሚታዩት የክርንሽና የአንጓሽ ኳሶች ለስምንት ምስል ያህል ይንቀጠቀጣሉ። ስምንት ምስል ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። እኛ ቤተ ሙከራ ደግሞ አንድ ፈሊጥ አለች፤ ነጥብ ሲንቀጠቀጥ «ላብ ነው» እንላለን። ላብ ማጣበቂያውን ሲያላላው ኳሷ ትወዛወዛለች፤ እኛም ኮምፒውተሩ ላይ የእንቅስቃሴውን መስመር አለስልሰን እናልፋለን። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ላብ ነው። ግን ላብ አንዱን ነጥብ ቢያላላ እንጂ ሁለቱን በአንድ ቅጽበት አያላላም። ይህን ለጀማሪዎች የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ። ያን ቀን የአንቺ ነገር ስለሆነ ደህና ናት ለማለት ቸኮልኩ። መስመሩን አለሰለስኩትና ለአሰልጣኝሽ «ምንም የለባትም» ብዬ ፈረምኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ቅዳሜ፣ በምርጫው ግጥሚያ በሦስተኛው ዙር ስትወረውሪ ክንድሽ ሲሰበር ድምፁ ተመልካች መቀመጫ ድረስ ተሰማኝ።

ሆስፒታል ውስጥ አሰልጣኝሽ ለእማዬ ምርመራው ንጹሕ እንደነበረ፣ ሕመምሽን ደብቀሽ እንደተጫወትሽ ነገራት። እማዬም አልጋሽ ሥር ቆማ፣ ምናለበት ብትናገሪ እያለች ተቆጣችሽ። አንዴ ቀና ብለሽ አየሽኝ። መናገርሽን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። የእንጀራ ገመዴ እንዳይበጠስ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። እኔም ዝም አልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያው ሳምንት ያልተነካውን ቀረጻ ከፍቼ አየሁት። እጅሽ ከሕመሙ እየሸሸ ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ ዘመድ ሁሉ «ግትር ናት፣ ራሷን ጎዳች» እያለ ሲያማሽ ዓመት ሙሉ አብሬ ገበታ ቀረብኩ። አንቺም ከተማውን ለቀሽ ሄድሽ።

ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። ቀረጻውንም ቀስ አድርጌ አሳየኋት።

«ነግራህ ነበር?» አለችኝ።

«ነግራኛለች።»

«እኔ እኮ እዚያ አልጋ ላይ ተኝታ እያለች ነው የተቆጣኋት» አለችና በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

ያደረግሁትን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ጽፌ ለኃላፊዬ አስገባሁ፤ ለአሰልጣኝሽም ግልባጩን ላክሁ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ቀረጻውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። ክንድሽን አይመልስልሽም። ግን ማንም ለምን አልተናገርሽም ቢልሽ አሳዪው።

ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ መልስም አልጠብቅም። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ ስምሽ በክፉ ሲነሳ ዝም አልልም።

ሕመምሽን «ላብ ነው» ያለው፣
ወንድምሽ