ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

አርባ ምንጭ፣ ሰኔ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ተክለወልድ፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ሙቀቱ ቢበረታብኝም ደህና ነኝ።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቧራ እንዳይነካው ብለው የዶርዜ ጋቢ አልብሰውታል። እኛ በሙቀት ስንቀልጥ እሱ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ እስካሁን ማንም አላስነሳውም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ቴክኖሎጂና ሥራ አመራር የሚያጠና ተመራማሪ መጣ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «የሦስት ጸሐፊ ሥራ ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን በታይፕ የመታሁለት እኔው ነኝ፤ አንድም ስሕተት የለው። አለቃም «እንዳንቺ የሚፈጥን የለም» ብለው አመሰገኑኝ።

ጸሐፊዎቹ ሊሻን፣ ቦንቱና እኔ ነን፤ ሁለቱም ሰላም ብለውሃል። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እግዜር በደህና ያገናኘን።

እህትህ ፋንታዬ

ልረሳው ነበር፤ የእማዬ የስፌት መኪና ይሸጥ ያልከውን ለጊዜው ተወው።