ባሎቴን ዝም ያሰኛት ኪኒን

ሰኞ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1958

በሶዶ ከተማ እንደ እኔ ፈጥኖ ማንበብ የለመደ ሰው የለም። በማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው። እሱም አናጢው ማቴዎስ ታሞ በቀረባቸው ሳምንታት። መምህራችን እጃችሁ እንዲፍታታ በየቀኑ ጻፉ ስላሉን ይኸው ጀመርኩ። እኔ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ምላጭ የያዘ እጅ ብዕር አይፈራም።

የምጽፈው ስለ ኪኒን ነው። ሚስቴ ባሎቴ፣ አምና ክረምት የእህቷን ቤት መብረቅ ካቃጠለው ወዲህ ጤና የላትም። ሰው አልሞተም፣ ሁለት ላሞች ብቻ። ነገር ግን ደመና ዳሞታ ተራራ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አልጋ ሥር ትገባለች። ከሁለት ወር በፊት ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ አቶ ጴጥሮስ አንድ ጠርሙስ ኪኒን ሰጣት። "የጭንቀት ነው፣ ያረጋጋታል" አለን። እውነትም እንቅልፍ አገኘች። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን መጠኑን ጨመረው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አለ።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በፈረንጅ ፊደል ነው። ማንበብ በቻልኩ ማግስት የማላነበው ነገር ቤቴ ገባ። ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ 10

ከሰዓት በኋላ ነጎደ። ባሎቴ ደጃፍ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ቀና ብላ አላየችም። ኮራሁ። ለጎረቤት ሁሉ "ከዛሬ ጀምሮ መብረቁ ነው ሚስቴን የሚፈራት" ብዬ አወራሁ። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ። አሁንም እዚያው ናት። ልብሱ ገመድ ላይ፣ እሷ ደጃፍ ላይ፣ ሁለቱም ይበሰብሳሉ።

"ግቢ እንጂ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ይህ እሺ አልተዋጠልኝም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ባሎቴ በአንድ ቃል መልሳልኝ አታውቅም።

ረቡዕ 11

የጠረጠርኩት፦

ቀልዴን አታሽሟጥጥም። ድሮ "ይኼን ከየት ለቀምከው አንተ ሰውዬ?" ትለኝ ነበር።

ወጡ ጨው የለውም። ስነግራት "ጨምርበት" ትላለች።

ቀን ትተኛለች።

ደግሞ ቅቤው። ለጊፋታ፣ ማለት በመስከረም ለምናከብረው ዘመን መለወጫችን፣ ዘጠኝ ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ ያዋጣሉ። ማሰሮው ያለው እኛ ቤት፣ ጠባቂዋም ባሎቴ ናት። አፉን በእንሰት ቅጠል አስራ በቀን ሦስት ጊዜ የምታየው እሷ ነበረች። ዛሬ እትዬ ሣራ ድርሻዋን ይዛ ስትመጣ ማሰሮው ክፍት ነው። ድመት ላዩን ልሳዋለች።

"ምነው ባሎቴ?" አለች ሣራ።

"ርቧት ይሆናል" አለች ባሎቴ። ስለ ሰው ቤት ቅቤ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ሣራ ደጅ አውጥታ አናገረችኝ። "እሑድ ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ይኼን ካዩ ማሰሮውን ይወስዱባታል። ቅቤ የተነጠቀች ሴት በጊፋታ ከማን ጋር ትቀመጣለች? ይቺ ልጅ ምን ነካት?"

ምን እንደነካት አውቃለሁ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነው።

ሐሙስ 12

ኪኒኑን ራሴ ሞከርኩት። አንድ ለሴት ነው ብዬ ሁለት ዋጥኩ።

ረፋዱ ላይ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ወልዴ መጡ። ጢማቸውን አስተካክል አሉኝ። የግራውን ጢም ሙሉ በሙሉ ላጨሁት።

መስተዋቱን አዩና "ሌላው ወዴት ሄደ?" አሉ።

"ይመለሳል ጌታዬ" አልኳቸው።

ሰደቡኝ፣ ቀኙንም አስላጩኝና ሄዱ። የሚገርመው ምንም አልመሰለኝም። አላፈርኩም፣ አልፈራሁም፣ በመንገድ የሚያልፍ የማላውቀው ሰው የላጨ ነበር የመሰለኝ። ፍርሃቱ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ባሎቴ ያለችበትን አገር ለግማሽ ቀን አየሁት። ጭንቀት የለበትም። እኔም አልነበርኩበትም።

ጠርሙሱን ምላጭ ሳጥኔ ውስጥ ደበቅኩት። "ድሬሰሩ ይብቃት ብሏል" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ዓርብ 13

ድል። ባሎቴ ማሰሮውን ራሷ አሰረችው። ወጡም ጨው አለው። እራት ላይ "የአቶ ወልዴን ቀኝ ጢም ብተውላቸው ኖሮ ለከሳሽ አንዱን ጉንጭ፣ ለተከሳሽ ሌላውን እያዞሩ ይውሉ ነበር" ብዬ ነገርኳት። ሳቀች። ጠላቴን አውቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። ድሬሰር ብባል አይበዛብኝም።

ቅዳሜ 14

ድሬሰር አይደለሁም።

ባሎቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላብ አጠመቃት። ስኒ መያዝ አቃታት። "ግድግዳው ይሄዳል፣ ያዘው" አለችኝ። ግድግዳውን ያዝኩላት፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ከዚያ ከሣራ ጋር ደግፈን ክሊኒክ ወሰድናት።

"ማን አቋርጪ አላት?" አለ አቶ ጴጥሮስ።

"እኔ።"

"አንተ የጸጉር ሐኪም ነህ። ይኼ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውን ያንቀጠቅጣል፣ ይጥላልም። ከጨመርኩላት ወዲህ መደንዘዟን መጥተህ ብትነግረኝ እኮ እቀንስላት ነበር።"

"እኔ መርዝ መስሎኝ . . ."

"መስሎህ ነዋ።"

አንድ ኪኒን እዚያው አስዋጣትና እስክትረጋጋ አስተኛት። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፤ በየሳምንቱም አምጣት አለኝ። ለምን ያን ያህል እንደጨመረ አልጠየቅኩትም። አሁንም ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

እሑድ 15

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ መጡ። ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። ባሎቴ ማሰሮውን ራሷ ከፈተችላቸው። "ድመት ልሳዋለች። ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ላዩን ጥዬዋለሁ፣ በፈንታው ከድርሻዬ ውሰዱ" አለች። አንዷ ማሰሮው ከዚህ ይውጣ አለች። ሣራ "እስከ ጊፋታ እኔ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አብሬያት አየዋለሁ" አለች። አጉረመረሙ፣ ግን ማሰሮው ቀረ።

ከሰዓት ነጎድጓዱ ከሩቅ ሲያጉረመርም ባሎቴ ሰማዩን አየች፣ ተነሳች፣ ልብሱን ሰበሰበች። አልጋ ሥር አልገባችም። መፍራቷን አይቼ ደስ ያለኝ ባል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓርብ ዕለት ሳቀች ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አልሳቀችም። ሳህኑን አንስታ ነው የሄደችው። ስጽፈው ግን ሳቋን አጥቼ መቆየቴ ከበደኝና ጨመርኩት። ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

አሁን ያንኑ ቀልድ ደግሜ ነገርኳት። ብዙ አየችኝና "ጨረስክ?" አለች።

ይህን ያለችኝ እሷ ትሁን ግማሿ ኪኒን፣ ገና አላወቅኩም።